የት ብኖር ይሻለኛል? የህልም አገሮችን በተራ ማክሰኞ መመዘን

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ካርታ የመክፈት አመል አለብኝ። ዓለምን በጣቴ አሽከረክራለሁ። አንድ ከተማ ላይ አቆምና መንገዶቹ እስኪታዩ ድረስ አቀርበዋለሁ። በረንዳ ያለው ቤት እመርጣለሁ። ከዚያ ገብቼ እኖርበታለሁ፤ አስር ደቂቃ ያህል።

በእነዚያ አስር ደቂቃዎች ውስጥ ቀኑ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። ፀሐይ ወጥታለች። ጥርሱን የሚያመው ሰው የለም። ቧንቧ አይፈነዳም። "ያስገቡት ወረቀት አልተሟላም፤ ሌላ ቀን ይመለሱ" የሚል ሰው መስኮቱ ጋ አልተቀመጠም። እኔ ራሴም ሌላ ሰው ሆኛለሁ። በማለዳ እነሳለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ማንንም አልቆጣም።

እንዲህ ማለም ምንም ክፋት የለውም። ነጻ ነው፤ ቪዛም አይጠይቅም። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሦስት ህልሞችን ጎን ለጎን አስቀምጠን "የቱ ይሻላል?" ማለት ስንጀምር ነው። ቅዳሜን ከቅዳሜ ጋር ካወዳደርን ሁሉም ቦታ ያሸንፋል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው በማክሰኞ ነው። ያውም የዓመቱ መጥፎ ወር ውስጥ በሚውል ማክሰኞ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን እንደ ኢትዮጵያ። "በጋ" ስል የሙቀቱን ወቅት፣ "ክረምት" ስል የብርዱን ወቅት ማለቴ ነው።)

ነገሩ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ሽኬድ እና ዳንኤል ካነማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ያሳተሙት ጥናት አለ። በካሊፎርኒያና ብርዱ በሚበረታበት የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠየቁ። በሕይወታቸው ምን ያህል እንደረኩ ሲጠየቁ የሁለቱም ወገን መልስ ተመሳሳይ ሆነ። እነሱን የመሰለ ሰው በሌላኛው ቦታ ቢኖር ምን ያህል እንደሚረካ ሲጠየቁ ግን ሁለቱም ወገኖች የካሊፎርኒያው ሰው ይበልጣል ብለው ገመቱ። ሁለት ቦታ ስናወዳድር ዓይናችን የሚያርፈው በሚለያዩበት ነገር ላይ ነው፤ እዚህ ላይ አየሩ ላይ። እዚያ የሚኖረው ሰው ግን ሲውል የሚያስበው ስለ ፈተናው፣ ስለ ፍቅረኛው፣ ስለ ኪራዩ ነው። ፀሐይዋ ለእሱ እንደ ቤቱ ጣሪያ ናት። አለች፤ ቀና ብሎ ግን አያያትም።

በየዓመቱ የሚወጡት ዝርዝሮች

"ለኑሮ የሚመቹ ከተሞች" ከሚሉት ዝርዝሮች በጣም የታወቀው ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለ የጥናት ተቋም የሚያወጣው ነው። 173 ከተሞችን በመረጋጋት፣ በጤና አገልግሎት፣ በባህልና አካባቢ፣ በትምህርትና በመሠረተ ልማት ይመዝናል። ቪየና ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ከሆነች በኋላ በ2025 ኮፐንሃገን ቀደመቻት። ጥሩ። ግን ልብ በሉ፤ የኑሮ ውድነት ከመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም። ከተማዋ ትመቻለች ወይ ለሚለው መልስ ይሰጣል። ኪሳችሁ ይችላታል ወይ ለሚለው አይሰጥም።

ሌላው የደስታ ዝርዝር ነው። ከ2018 እስከ 2025 ፊንላንድ በየዓመቱ አንደኛ ወጥታለች። ጭር ያለውን የፊንላንድ ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ምስጢሩ ጥያቄው ላይ ነው። ሰዎቹ "ዛሬ ስቀሃል?" ተብለው አይደለም ደረጃ የሚሰጡት። ከ0 እስከ 10 ደረጃ ያለው መሰላል እንዲያስቡ ይደረጋል። ጫፉ ላይ ያለው ሊኖሩት የሚችሉት ምርጥ ሕይወት ነው። "አንተ የትኛው ላይ ቆመሃል?" ይባላሉ። ይህ የእርካታ ጥያቄ ነው፤ የሳቅና የጨዋታ አይደለም። በዚያው የ2025 ዝርዝር ኮስታሪካ 6ኛ፣ ሜክሲኮ 10ኛ ሆነው ከብዙ ሀብታም አገሮች በላይ ተቀምጠዋል። መሰላሉ ላይ በብዙ መንገድ ይወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። የምትፈልጉት ኑሯችሁ እንዳይናድ ነው ወይስ ምሽታችሁ እንዲደምቅ? ሁለቱም የሚል ሰው አልዋሸም። ግን አንዱ ይቀድማል፤ የሚቀድመውን ሳታውቁ ዝርዝር ብታነቡ ጊዜ መግደል ነው።

ብርሃን ከሙቀት ይቀድማል

አብዛኛው ሰው የህልም አገሩን ሲመርጥ ቴርሞሜትር ያያል። እኔ ብርሃን ይቀድማል ባይ ነኝ። ብርድን ልብስ ይመልሰዋል። ጨለማን የሚመልስ ካፖርት ግን እስካሁን አልተሰፋም።

ሰሜን ኖርዌይ ያለችውን ትሮምሶን እንውሰድ። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ቀትር አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ይመሻል። ፎቶው እጅግ ያምራል። ደግሞ ብርዱ እንደምትፈሩት አይደለም። ከአትላንቲክ ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚደርሳት የጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ጋር አወዳድሯት። እዚያ የጃንዋሪ አማካይ ከዜሮ በታች 40 ይጠጋል፤ ፀሐይ ግን አጭርም ቢሆን በየቀኑ ትወጣለች። የትኛውን ትችላላችሁ? ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በጨለማ ወደ ሥራ መሄድን ወይስ የዓይን ሽፋሽፍት የሚያደርቅ ውርጭን? ብዙ ሰው ብርዱን ይፈራል። በየቀኑ የሚያደክመው ግን ጨለማው ነው።

የበጋው ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። በትሮምሶ ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ወር ፀሐይ አትጠልቅም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሰው ሣር ያጭዳል። በትንሽ ነገር ከእንቅልፉ ለሚነቃ ሰው ግን ወፍራም መጋረጃ ከቤት ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። ትንሽ ለዘብ ያለው ምርጫ የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ነው። ዲሴምበር ላይ አራት ሰዓት ብርሃን አለ፤ ጁን ላይ ሃያ አንድ።

አሁን ወደ ምድር ወገብ። በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፤ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ዓመቱን ሙሉ። ይህን የሚያህል ጸጋ የለም ትላላችሁ። አንድ ነገር ግን ታጣላችሁ፤ ረጅሙን የበጋ ምሽት። ከሥራ ስትወጡ ሁሌም ሊመሽ ነው። እንደ ፖርቱጋሏ ሊዝበን ወይም እንደ ኮፐንሃገን በጁን ወር ከራት በኋላ በብርሃን መንሸራሸር የሚባል ነገር የለም። ህልማችሁ ውስጥ ያቺ የምሽት ወርቃማ ብርሃን ካለች ከምድር ወገብ ራቅ በሉ።

ሲንጋፖርም ምድር ወገብ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከፍታው ነው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሲንጋፖር ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ራሱ 25 ዲግሪ ነው፤ ወበቁም ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ሕይወት ከአንዱ ኤሲ ወደ ሌላው ኤሲ ነው። ኪቶ ደግሞ 2,850 ሜትር ላይ ናት። ቀኑ ልክ ነው፤ ምሽቱ ሹራብ ያስወጣል። በኮሎምቢያ 1,500 ሜትር ላይ ያለችው ሜዴሊን "የዘላለም ጸደይ ከተማ" ትባላለች፤ በቻይና 1,900 ሜትር ላይ ያለችው ኩንሚንግም "የጸደይ ከተማ" ናት። ሁለቱም ስሙ ይገባቸዋል። እንደ ኪቶ ያለ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ይሳሳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ ይመታል፤ እንቅልፍም ይቆራረጣል። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ህልሙን ለሐኪሙ ሳይነግር ትኬት አይቁረጥ።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚያልመው አየር አለ። ደረቅና ሞቃት በጋ፣ ለስላሳና ዝናባማ ክረምት፣ ወይን፣ ወይራ፣ ሰማያዊ ባሕር። ይህ አየር ዓለም ላይ አምስት ቦታ ብቻ ነው ያለው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በመካከለኛው ቺሌ፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ፣ በአውስትራሊያም ደቡብና ደቡብ ምዕራብ። ሁሉም ፖስትካርዳቸው ያምራል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ዕዳ አለባቸው። በጋው ለወራት ዝናብ ስለማያይ ቁጥቋጦው እንደ ክብሪት ይደርቃል። በ2017 በፖርቱጋል ፔድሮጋኦ ግራንዴ፣ በ2018 በግሪክ ማቲ፣ በ2024 በቺሌ ቫልፓራይሶ አካባቢ፣ በ2025 መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ሰው የጨረሰው የሰደድ እሳት ዘመድ ነው። ኬፕታውን በ2018 ቧንቧዎቿን ልትዘጋ ተቃርባ የነበረውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ የክረምቱ ዝናብ ተከታትሎ ሲቀር በጋው አያካክሰውም። ከአምስቱ አንዱን ከመረጣችሁ ቤቱ ዛፍ ውስጥ የተደበቀ እንዳይሆን። ፎቶው ላይ በጣም የሚያምረው ቤት ማለቴ ነው።

ስለ ሊዝበን አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ክረምቱ ውጭ ለዘብ ያለ ነው። ቤት ውስጥ ግን ይበርዳል። ብዙው የድሮ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ግድግዳውም ሙቀት አይይዝም። ከስቶክሆልም የመጣ ሰው ሊዝበን ውስጥ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ አትገረሙ። ማስታወቂያ ላይ "ፀሐያማ ከተማ" የሚል ስታነቡ "ቤቱስ በምን ይሞቃል?" ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፦ ክረምት ሲመጣ ስሜታችሁ የሚጨልም ከሆነ ሰሜኑን ለጉብኝት ተዉት። ላብ የሚያናድዳችሁ ከሆነ የባሕር ጠርዝ ሐሩርን እርሱት፤ ወደ ከፍታ ውጡ። ወቅት ሳይቀያየር የሚሰለቻችሁ ከሆነ ደግሞ የዘላለም ጸደይ በሁለተኛው ዓመት ዘላለም መሆኑ ይታወቃችኋል።

ትልቅ ከተማ ወይስ ትንሽ ቦታ?

ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው በእግሩም ይሂድ በባቡር፣ በቀን ለመጓጓዣ የሚያውለው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ሲፈጥን ቤቱን ያርቃል እንጂ ጊዜውን አያተርፍም። ስለዚህ ከተማን በስፋቱ አትፍሩት። ከቤታችሁ ደጃፍ ተነስታችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን ላይ እንደምትደርሱ ቁጠሩ። ቶኪዮ ከነአካባቢዋ 37 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል፤ ግን ባቡሩ ስለሚሠራ የአንድ ሰፈር ሰው ሆኖ መኖር ይቻላል። ከእሷ በብዙ እጥፍ ያነሱ፣ ግን በጭንቅንቅ ቀኑን የሚበሉ ከተሞች ሞልተዋል።

ትንሿን ቦታ ስናልም ደግሞ ጸጥታውን እንጂ መርከቡን አናስብም። እኔ ለዓመታት የምመኛት አንዲት ደሴት ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ቱሪስት በሌለበት ወር ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሳና መርከቡ ቆመ። በአምስተኛው ቀን ሱቁ ውስጥ የቀረው ባትሪና የቆርቆሮ ዓሣ ነበር። የሚገርመው እሱ አይደለም የከበደኝ። ሁሉም ሰው ማን እንደሆንኩ፣ የት እንዳረፍኩ፣ ትናንት ማታ መብራቴን ስንት ሰዓት እንዳጠፋሁ ያውቅ ነበር። ክፋት አልነበረውም። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ስሜን የማያውቁ ሰዎች መካከል መዋል እንደሚያስፈልገኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ውበታቸው የጎዳቸው ቦታዎችም አሉ። የኦስትሪያዋ ሃልሽታት ነዋሪዋ ከአንድ ሺህ በታች ነው። ጎብኚዋ በአንዳንድ ቀን 10,000 ይደርሳል። ቻይናውያን ጓንግዶንግ ውስጥ አምሳያዋን ሠርተው በ2012 ከፈቱ። በ2023 ደግሞ በዋናው መንደር ሰው ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ላይ የእንጨት አጥር ቆሞ እይታው ተጋርዶ ነበር፤ በኋላ ተነሳ እንጂ። ቬኒስም እንዲሁ። የታሪካዊቷ ደሴት ነዋሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ 175,000 ያህል ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ዓለም ሁሉ የሚመኛትን ከተማ የራሷ ሰው ለምን ለቀቃት? ቤቱ ለእንግዳ ሲከራይ የበለጠ ያስገኛል፤ ዳቦ ቤቱ ጭምብል መሸጫ ይሆናል፤ ሶፋ ለማስገባት ጀልባ ይከራያሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ልብ ሲሰርቃችሁ ነዋሪው እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ ብላችሁ ፈልጉ። ይህ አንድ ቁጥር ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

የአንድ ዩሮ ቤት እና ዘመዶቹ

በጣሊያን "ቤት በአንድ ዩሮ" የሚለውን ያልሰማ የለም። እውነት ነው፤ ውሸት የለበትም። በሲሲሊ ያለችው ሳምቡካ በ2019 እንዲህ ያሉ ቤቶችን ለጨረታ አቅርባ ዓለምን አስገርማለች። ግን አንድ ዩሮው መነሻ ዋጋ ነው፤ ጨረታው ከዚያ ያስኬደዋል። ገዢው በሦስት ዓመት ውስጥ ማደስ ይገደዳል፤ ማስያዣም ያስቀምጣል። ማደሱ የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ ከግዢው ጋር አይወዳደርም። በጃፓን በ2023 በተደረገ ቆጠራ 9 ሚሊዮን ባዶ ቤቶች ተመዝግበዋል፤ ከአገሪቱ ቤቶች 13.8 በመቶ ማለት ነው። አንዳንዱ በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ይሰጣል። የውጭ ሰውም መግዛት ይችላል። ቆይ ግን፤ ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም። በቱሪስት ቪዛ እየገባችሁ የራሳችሁን ቤት የምትጎበኙ እንግዶች ትሆናላችሁ።

ከርካሽ ቤት ይልቅ የተረጋጋ ኪራይ የሚፈልግ ሰው ቪየናን ይይ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ቤት ስትሠራ ኖራለች። ዛሬ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በማዘጋጃ ቤቱ ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ይኖራል። አዲስ የገባ ሰው ግን ወዲያው አይደርሰውም። ለማዘጋጃ ቤቱ ቤት ለማመልከት በከተማዋ ሁለት ዓመት ተመዝግቦ መኖር ይጠየቃል። ሲንጋፖርም ከነዋሪዋ አምስት እጅ አራቱ ያህል መንግሥት በሠራቸው አፓርታማዎች ይኖራል፤ አዲሶቹን የመግዛት መብት ግን የዜጋ ነው፤ የውጭ ሰው ኪራይ ላይ ይቀራል። ቶኪዮ ውስጥ ስትከራዩ ደግሞ ለአከራዩ እንደ ምስጋና የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቤት አለ። ዋስም ያስፈልጋል። የከተማን ኪራይ ስታወዳድሩ ወርሃዊውን ብቻ አትዩ። በሩን ለመክፈት በመጀመሪያው ቀን ስንት ይወጣል? ቀጥሎስ ስንት ዓመት ያስቀምጡኛል? ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሩን ማን ይከፍታል?

አብዛኛው የህልም ንጽጽር የሚሞተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ መጠየቅ ያዋጣል።

አንድ ቦታ አለ፤ ማንም ያለ ቪዛ ሊኖርበት የሚችል። ስቫልባርድ ይባላል። ከኖርዌይ በስተሰሜን ወደ ዋልታው የተጠጉ ደሴቶች ናቸው። በ1920 ፓሪስ ላይ በተፈረመ ስምምነት ለኖርዌይ ሲሰጡ የፈራሚ አገሮች ዜጎች እኩል መብት እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ኖርዌይም ለሌላው ቪዛ አትጠይቅም። ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። አሁን ማክሰኞውን ስሙ። ወደዚያ የሚወስደው በረራ በኖርዌይ በኩል ስለሆነ የመተላለፊያ ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ያው ተመለስን። ራሱን መቻል ያቃተው ሰው እንዲወጣ ይደረጋል። የዋናዋ መንደር የሎንግየርቢየን ቤት አብዛኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ቤቱም ያልቃል። ነፍሰ ጡር ሴት መውለጃዋ ሲደርስ ወደ ዋናው ምድር ትሄዳለች። መሬቱ ዘላለም በረዶ ስለሆነ አስከሬን በሳጥን አይቀበርም። ከመንደሩ ሲወጡ የዋልታ ድብ ማባረሪያ መያዝ ግድ ነው። ድመት ክልክል ነው፤ ወፎቹን ለመጠበቅ። ፀሐይ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ትሰወራለች፤ ተራራው ስለሚጋርዳት ከተማዋ ላይ የምትታየው ማርች 8 አካባቢ ነው። የዚያን ቀን ሰዉ በአንድ የድሮ ሆስፒታል ደረጃ ላይ ተሰብስቦ ይቀበላታል። እዚያ የኖራችሁበት ዘመን ደግሞ ለኖርዌይ ቋሚ መኖሪያ አይቆጠርም። ይህን ሁሉ ሰምቶ "አሁንም እሄዳለሁ" የሚል ሰው አለ። ያ ሰው ቦታውን አግኝቷል።

ሌሎቹ በሮች ቁልፋቸው ይለያያል። ጀርመን ከጁን 2024 ጀምሮ በነጥብ የሚሰጥ የሥራ መፈለጊያ ካርድ አላት፤ አንድ ዓመት ገብቶ ሥራ ለመፈለግ ያስችላል። በዚያው ወር የዜግነት መጠበቂያውን ከ8 ወደ 5 ዓመት አውርዳ ሁለት ዜግነት መያዝንም ፈቀደች። ስዊዘርላንድ 10 ዓመት ትጠብቃለች፤ ያውም ካንቶኑ (ክልሉ ማለት ነው) እና የምትኖሩባት ቀበሌ ሳይቀሩ አስተያየት አላቸው። ስፔን ለአብዛኛው ሰው 10 ዓመት ናት፤ ለላቲን አሜሪካ አገሮች፣ ለፊሊፒንስና ለኢኳቶሪያል ጊኒ ዜጎች ግን 2 ዓመት። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የደመወዝ ግብር የለባትም፤ ገንዘብ ለመያዝ ምቹ ናት። ዜጋ ለመሆን ግን በሩ በጣም ጠባብ ነው፤ ለብዙው ሰው ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ኢስቶኒያ ደግሞ በ2014 የጀመረችው "ኢ-ሬዚደንሲ" ብዙዎችን ያሳስታል። በኢንተርኔት ድርጅት ለማቋቋም ይጠቅማል እንጂ ዋና ከተማዋ ታሊን ውስጥ አንድ ሌሊት የማደር መብት አይሰጥም።

ስለዚህ አገሮቹን በሁለት ክምር ክፈሏቸው። ሠርታችሁ የምትመለሱባቸው እና አርጅታችሁ የምትቀሩባቸው። ዱባይን ከቪየና ጋር ማወዳደር ሆቴልን ከቤት ጋር እንደማወዳደር ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ አይደለም። ሕጎቹ ደግሞ ይቀያየራሉ፤ ከመወሰናችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ክፈቱ። የአጎት ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

ቋንቋና ጓደኛ

የአሜሪካ ዲፕሎማቶችን የሚያሠለጥነው ተቋም በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ስፓኒሽን በ30 ሳምንት ገደማ ይይዙታል ይላል። ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ቻይንኛና አረብኛ 88 ሳምንት። የሙሉ ጊዜ ትምህርት ነው ታዲያ። መነሻ ቋንቋችሁ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ዘመድ ቋንቋ ያሳጥረዋል። በቋንቋዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑ ግን ልክ ነው።

"እዚያማ ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል" የሚባልላቸው አገሮች አሉ። ኔዘርላንድስ አንዷ ናት፤ እውነትም ነው። ወጥመዱ እዚያው ነው። ባንኩ፣ ሐኪሙ፣ አለቃው በእንግሊዝኛ ያናግሯችኋል፤ ስለዚህ ደችኛ ሳትማሩ አምስት ዓመት ያልፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ቀልዱ የሚወረወረው በደችኛ ነው። አንዱ ደግነት አድርጎ ይተረጉምላችኋል። የተተረጎመ ቀልድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ከትውውቅ ወደ ለዘብ ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ መዋል እንደሚጠይቅ ገምቷል። ለቅርብ ጓደኝነት ከ200 ሰዓት በላይ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ ሁለት ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት ከተማ ስታወዳድሩ ይህን ጠይቁ፤ ያንን 200 ሰዓት የት አገኘዋለሁ? ኳስ ሜዳ፣ መዘምራን፣ የተራራ ቡድን፣ የእምነት ቦታ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ደጃፍ። ኮፐንሃገን ውስጥ ሰው ክበብ ውስጥ ገብቶ ነው የሚተዋወቀው። መንገድ ላይ ፈገግ ብሎ የሚቀርባችሁን ሰው ከጠበቃችሁ ትጠብቃላችሁ። ሜዴሊን ውስጥ ትውውቁ ቶሎ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እዚያም የራሱን ጊዜ ይወስዳል።

ጸጥታም ከዚህ ጋር ይመጣል። በጀርመን እሁድ ሱቅ ይዘጋል። ባዶ ጠርሙስ ወደ መጣያ መወርወር ራሱ በዚያን ቀን አይፈቀድም፤ ድምፁ ስለሚረብሽ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት ጸጥታ ይጠብቃል። ለአንዱ ይህ ገነት ነው፤ ለሌላው እስር ቤት። እኔ በግሌ ሦስት እሁድ ወድጄዋለሁ፤ አራተኛው ላይ መንገድ ላይ የሚጮህ ሰው ናፈቀኝ።

ሁለት ቦታ ብቻ ሲቀሩ

እስካሁን በብርሃን፣ በቤት፣ በበርና በሰው ስታጣሩ ሁለት ቦታ ቀርተው ይሆናል። ከዚህ በኋላ ወረቀት ላይ ማወዳደር አያዋጣም። ወር የሚሆን ጊዜ ካላችሁ ሂዱ። ግን መጥፎው ወር ላይ። ትሮምሶን በዲሴምበር፣ ሲንጋፖርን ወበቁ ሲብስ፣ አቴንስን በጁላይ ሙቀት፣ ሊዝበንን በጃንዋሪ። ወር ከሌላችሁ አስር ቀንም ይሠራል።

መሃል ከተማ አትረፉ። ልትኖሩበት በምትችሉት ሰፈር ክፍል ተከራዩ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ያላችሁ ይመስል ባቡሩን ወይም አውቶቡሱን ያዙ፤ ተመለሱም። ለትንሽ ነገር ክሊኒክ ግቡና ወረፋውን እዩ። አንድ የመንግሥት ቢሮ ገብታችሁ ቅጽ ጠይቁ፤ ፊታቸውን ታያላችሁ። ዕቃ ገዝታችሁ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከሙ። ቤት ላሉት ሰዎች ደውሉ፤ የሰዓቱ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታወቀው ያኔ ነው። ለምሳሌ የኒውዚላንዷ ኦክላንድ ውስጥ ሆናችሁ እናታችሁ አውሮፓ ከሆነች የእናንተ ማታ የእሷ ጠዋት ነው፤ አንዳችሁ ሁሌም እያዛጋችሁ ነው የምታወሩት።

ከተማዋን ለሚወዳት ሰው ሳይሆን ለለቀቃት ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የወደዳት ምን እንደሚያገኝ ይነግራችኋል። የለቀቃት ግን በስንተኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ምክንያት ሻንጣውን እንዳወረደ ያስታውሳል።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ምንም ዕቅድ አትያዙባቸው። ሙዚየም የለም፤ ፎቶ የለም። ይሰለቻችኋል፤ ይሰልቻችሁ። ሲሰለቻችሁ እግራችሁ ወዴት እንደወሰዳችሁ ማታ ማታ ጻፉት። ሁለተኛው ከተማ ላይም እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ላይ "ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ሆኜ ስልክ አየሁ" የሚል ካለ፣ ሌላው ላይ ደግሞ "ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ መሸብኝ" የሚል ካለ፣ መልሱን ጽፋችሁታል።